ውኃ በሕጉ፥ ሰው በፈቃዱ

በምሥራቅ ጎጃም፥ ከቢቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር፥ ሰኔ ግም ብሎ የክረምቱ ደመና በጮቄ ላይ ሲጫን፥ በበጋ ሕፃን በእግሩ የሚሻገረው ወንዝ ጎልማሳውን ከነበቅሎው ይዞት የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜም በለቅሶው ቤት ሁለት ዓይነት ንግግር ይሰማል። ሽማግሌው፥ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፤ ምን ይደረጋል!» ሲሉ፥ ከባሕር ዳር ለዕረፍት የመጣው የምህንድስና ተማሪ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «አባቴ፥ የውኃው ጥልቀትና ፍጥነት ነው እንጂ ቁጣ አይደለም» ይላል። እነዚህ ሁለት ንግግሮች የሚጣሉ መስለው ስለሚታዩ፥ ሰሚው አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል የሚገባው ይመስለዋል።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው። ውኃ ከማይዛነፍ ሕግ በታች የሚሄድ ከሆነ፥ ለመግቦተ እግዚአብሔር ምን ስፍራ ይቀርለታል? ውኃን የሚያንቀሳቅሰው የፈጣሪ ፈቃድ ከሆነስ፥ ሰው ተቀምጦ ግፊትን ማስላት፥ ፍጥነትን መለካት፥ ድልድይን በቍጥር መመጠን ለምን ያስፈልገዋል? ይህ ጥያቄ ለሥራ ፈቶች ጨዋታ የቀረበ አይደለም፤ ከቢቸናና ከሞጣ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚሄደው ወጣት ብዙ ጊዜ ዳዊት ሲደገም እየሰማ ያደገ፥ በጥር 11 ቀን ታቦት አጅቦ ወደ ጥምቀተ ባሕር የወረደ ልጅ ነውና፥ ገና በመጀመሪያው የፍሉድ ሜካኒክስ (የፈሳሾች ጠባይ) ትምህርቱ ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ልቡና ውስጥ ይገናኛሉ። ተገናኝተው ይስማሙ ወይም ይጣሉ እንደ ሆነ ሳይመረምር የሚያልፍ ሰው፥ ሃይማኖቱን ለበዓል ቀን፥ ትምህርቱን ለእንጀራ ብቻ አድርጎ፥ ለሁለት ተከፍሎ ይኖራል።

የአገሩ አቀማመጥ ራሱ ጥያቄው እንዲነሣ ያስገድዳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ጮቄ በመካከል ቆሞ፥ ሱሃን፥ ሙጋን፥ ጨሞጋንና ሌሎችንም ብዙ አፍላጋት በዙሪያው ያወርዳል፤ ዓባይም ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በሦስት ወገን እየከበበ እነዚህን ሁሉ ተቀብሎ ያልፋል። ሊቃውንት በኦሪት ዘፍጥረት የተነገረው፥ የኢትዮጵያን ምድር የሚከብበው ግዮን ዓባይ ነው ብለው ሲተረጕሙ፥ የጎጃም ተማሪ ትርጓሜውን ለመቀበል ካርታ አያስፈልገውም፤ ከደጋው አፋፍ ቆሞ ወደ በረሃው መመልከት ይበቃዋል። ቢቸና በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ ጎረቤትነት፥ ሞጣም የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት በተከለችው በጊዮርጊስ ደብር ዙሪያ፥ ቅኔና ትርጓሜ ሲነገርባቸው የኖሩ አገሮች ናቸውና፥ በዚህ ምድር ስለ ውኃ የሚጠየቅ ጥያቄ ሁሉ መጽሐፍን ሳይነካ አያልፍም።

አባቶቻችን ስለ ውኃ ያስተማሩት ግን፥ ብዙዎች እንደሚገምቱት፥ ውኃ ያለ ሥርዓት እንደ ወደደ ይሄዳል የሚል አይደለም። በሥነ ፍጥረት ትምህርት ውኃ ከአራቱ ባሕርያት አንዱ ነው፤ ግብሩም ርጥበትና ቅዝቃዜ ነው፤ ባሕርይ ያለው ፍጥረት ደግሞ ከባሕርዩ ወጥቶ ሊሠራ አይችልም። መጽሐፈ ኢዮብ እግዚአብሔር ለነፋስ ክብደትን እንደ ወሰነ፥ ውኃንም በመስፈሪያ እንደ ሰፈረ ይናገራል፤ መጽሐፈ ጥበብም ፈጣሪ ሁሉን በመጠን፥ በቍጥርና በሚዛን እንዳዘጋጀ ይመሰክራል። ከሁሉ ይልቅ ግን ለዚህ ጥያቄ የቀረበው፥ በሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሔኖክ ነው፤ ሔኖክ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ሰዎችን ወደ ባሕርና ወደ አፍላጋት እንዲመለከቱ ያዛል፤ እነዚያ ከታዘዘላቸው ሥራ ፈቀቅ እንደማይሉ ካሳየ በኋላ፥ ወዲያው ፊቱን ወደ ሰው መልሶ፥ ሕጉን ያልጠበቀ ሰው ብቻ እንደ ሆነ ይወቅሳል። ስለዚህ «ውኃ ሕግ አለው» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ አውሮፓ ቀመሩን ከመጻፉ በፊት ሕጉ መኖሩን የኛ መጻሕፍት ሲናገሩት የኖሩት ነው። የጐደለው ልኩ ነበር፤ ምን ያህል፥ በምን ያህል፥ ስንት ጊዜ የሚለው።

ይህን ልክ ያስገኙት ሊቃውንት ምን እንዳሉ በአጭሩ እንመልከት። ፈሳሽ ማለት፥ በጐኑ እያንሸራተተ የሚገፋውን ኃይል፥ ኃይሉ ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን፥ ባለበት ቆሞ ሊቋቋም የማይችል ነገር ነው፤ ስለዚህ ውኃም ነፋስም በዚህ ስም ይጠራሉ። የቆመ ፈሳሽ በአንዲት ነጥብ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት በሁሉ አቅጣጫ እኩል ነው፤ የሚጨምረውም በውኃው ብዛት ሳይሆን በጥልቀቱ ነው። ይህ ለሰሚ እጅግ ያስደንቃል። ጠባብ ጕድጓድም ቢሆን፥ በጉባ ላይ በዓባይ ግድብ የተገታው 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዘው ሰፊ ሐይቅም ቢሆን፥ በመቶ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው የውኃ ግፊት አንድ ነው። ውኃ የጌታውን ስፋትና የሀብቱን ብዛት ተመልክቶ አያደላም፤ የሚጠይቀው ጥልቀትን ብቻ ነው።

ኢዮብ ክብደት አለው ያለውን ነፋስም መዝነውታል። ኢጣልያዊው ቶሪቼሊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1643 (ከዚህ በኋላ የሚነሡት ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) የአየር ክብደት ባዚቃን (ሜርኩሪን) በመስታወት ቧንቧ ውስጥ ወደ ላይ ገፍቶ እንደሚይዝ አሳየ፤ ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካልም በ1648 የእኅቱን ባል ባዚቃውን አሸክሞ ወደ ተራራ ቢልከው፥ ከፍታ ሲጨምር የባዚቃው ቁመት ሲያንስ ታየ። ይህ ነገር ለሞጣና ለቢቸና ሰው የሩቅ አገር ተረት አይደለም። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ፥ በላያቸው ያለው የአየር ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው፤ ውኃ እዚያ ከ92 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይፈላል፤ ባቄላው ንፍሮ እስኪሆን ከቆላው ይልቅ የሚዘገየውም ስለዚሁ ነው። በባሕር ዳርቻ ከላይ ሆኖ የሚስብ ፓምፕ ውኃን እስከ 10 ሜትር ከፍ ሊያደርግ የሚችል ሲሆን፥ በሞጣ ግን ከ7 ሜትር ተኩል ብዙ አያልፍም፤ በተግባርም ከዚያ ያንሳል። ይህን ያላወቀ መሐንዲስ መልካም ፓምፕ ገዝቶ፥ መልካም ጕድጓድ አስቈፍሮ፥ ውኃው አልወጣ ሲለው ጕድጓዱን ይረግማል፤ ወይም ቦታው ርኵስ ነው ይላል። እነሆ ጥንቈላ በድንቁርና በር ሲገባ!

ወደ ተንቀሳቃሹ ውኃ ስንመጣ፥ ዳንኤል በርኑሊ በ1738 ባሳተመው መጽሐፍ ፍጥነት በሚጨምርበት ስፍራ ግፊት እንደሚቀንስ፥ የአንዱ ትርፍ የሌላው ጕድለት እንደ ሆነ ጻፈ፤ ኦይለር በ1757 የእንቅስቃሴውን ቀመር አቆመ። ነገር ግን በ1752 ዳላምበር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በዘመኑ የተሰጠውን ስሌት እስከ ፍጻሜው ቢከተለው፥ ወንዝ በውስጡ የቆመውን ምሰሶ አንዳች አይገፋውም የሚል መልስ አገኘ። እረኛ እንኳ ውሸት መሆኑን የሚያውቀው ይህ መልስ ከትክክለኛ ሒሳብ የወጣ ነበር። ስሕተቱ በምን መጣ ቢሉ፥ የውኃን ቪስኮሲቲ፥ ማለትም ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሲንሸራተት እርስ በርሱ የሚጓተተውን ጥቂት ጠባይ፥ ጥቂት ነው ብሎ ስለ ተወው ነው። ናቪዬ በ1822፥ ስቶክስም በ1845 ይህን ጠባይ ወደ ቀመሩ አገቡት፤ ፕራንትል የተባለው ጀርመናዊ ደግሞ በ1904 ነገሩን ፈታው። በደራሽ ውስጥ እንኳ ቢሆን ድንጋዩን የነካው ረቂቅ የውኃ ንጣፍ ከድንጋዩ ጋር ቆሞ ይቀራል፤ ከዚያች ስስ ንጣፍ የሚነሣው ነገር የወንዙን ሁሉ ግፊት ይለውጣል። ለፍልስፍና ተማሪ በዚህ ውስጥ ትልቅ ተግሣጽ አለ፤ አእምሮ ትንሽ ነው ብሎ የናቀውን ነገር ትቶ ቢሄድ፥ መንገዱ ሁሉ ቀና ሳለ መድረሻው ሐሰት ይሆናል።

አሁን ወደ ጥያቄው እንመለስ። የመጀመሪያው ተቃዋሚ፥ «ሁሉ በቀመር የሚሄድ ከሆነ መጋቢ አያስፈልግም» ይላል። ይህ አባባል ሕግን ከሕግ ሰጪ ጋር ያደባልቃል። ቀመር ውኃው እንዴት እንደሚሄድ ይናገራል እንጂ ውኃውን አያስኬደውም፤ ውኃ ለምን እንደ ኖረ፥ ሕግስ በዓለም ላይ ለምን እንደ ተገኘ አይመልስም። ሕጉ ዛሬም ነገም፥ በጣናም በጉባም አንድ ሆኖ መገኘቱ ራሱ፥ የሚጠብቀው እንዳለ ለማሰብ ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመካድ ምክንያት አይሆንም። ይህንንም ከማንም ይልቅ ያወቁት ቀመሩን የጻፉት ናቸው። ነፋስን የመዘነው ፓስካል በ1654 በኅዳር ሌሊት ያገኘውን መንፈሳዊ መገለጥ በወረቀት ጽፎ፥ በልብሱ ውስጥ ሰፍቶ እስከ ዕለተ ሞቱ ተሸክሞት ኖረ፤ ኦይለር ስለ መለኮታዊ መገለጥ የሚከራከር መጽሐፍ አሳተመ፤ ስሙ በቀመሩ ላይ የሚጠራው ስቶክስም በእርጅናው በስኮትላንድ ስለ ተፈጥሯዊ ሥነ መለኮት አስተምሯል። እነዚህ ሰዎች ስላመኑ ብቻ ሃይማኖት እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ስሌት የሚያውቅ ሰው ማመን አይችልም የሚለውን ሐሰት ለማፍረስ ሕይወታቸው ይበቃል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ቅኖች የሚወድቁበትን ጕድጓድ ማመልከት ይገባል። ኦዝቦርን ሬይኖልድስ በ1883 በመስታወት ቧንቧ ውስጥ ቀለም አፍስሶ እንዳሳየው፥ ዝግ ብሎ የሚሄድ ውኃ በሥርዓት ተሰልፎ ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ከልኩ ሲያልፍ ግን ሰልፉ ፈርሶ ወደ ነውጥ ይለወጣል። የናቪዬና የስቶክስ ቀመር በሦስቱም የቦታ አቅጣጫዎች ሁልጊዜ ያለ ብልሽት መፍትሔ ይኖረው እንደ ሆነ እስካሁን ያረጋገጠ ሰው የለም፤ በ2000 ለዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሽልማት ተመድቦ እስከ ዛሬ ያሸነፈው አልተገኘም። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ፥ «እነሆ የእግዚአብሔር ስፍራ! ሳይንስ ባልደረሰበት በነውጡ ውስጥ ነው» ይላል። እኔ ግን ይህን እንደ ስንፍና እቈጥረዋለሁ። አምላክን ዕውቀታችን በጐደለበት ስንጥቅ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው፥ ነገ አንድ ተማሪ ስንጥቁን ሲደፍነው አምላኩን ያጣል። በሥርዓት የሚሄደው ውኃም የሚናወጠውም የአንዱ ፈጣሪ ነው፤ ያወቅነውም ያላወቅነውም የእርሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ከቅንነት የተነሣ፥ «ውኃን መለካት ድፍረት ነው፤ ሁሉ በእርሱ ፈቃድ ነው» ይላል። ለዚህ ሰው መልሱ ከራሱ መጻሕፍት ይገኛል፤ ፈጣሪ በመጠንና በሚዛን ከሠራ፥ መጠንና ሚዛን ይዞ የሚመረምር ሰው የአባቱን ሥራ ያነባል እንጂ አይዳፈርም። ኖኅ በተስፋ ብቻ ተቀምጦ አልዳነም፤ መርከቡን በተነገረው ክንድ ልክ፥ ርዝመቱን፥ ወርዱን፥ ቁመቱን መጥኖ ሠራ። ጠበልም ቢሆን ከምንጩ እስከ ምእመኑ ራስ የሚወርደው በዚያው በውኃ ሕግ ነው፤ ጸጋው ያለው በክብደቱ መለወጥ አይደለም። የዮርዳኖስ ወደ ኋላ መመለስ ተአምር ተብሎ የተጻፈው ወንዝ ቍልቍል መውረዱ የታወቀ ሕግ ስለ ሆነ ነው፤ ወንዝ እንደ ፈለገ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ማን ይደነቅ ነበር? ስለዚህ ሕግን የሚክድ ሰው ሳያውቀው ተአምርንም ይክዳል።

ሁለቱን ከመለስን በኋላ፥ ከሁለቱም የሚከብደው ጥያቄ ይቀራል፤ ጥፋት ሲመጣ ተጠያቂው ማነው? ለዚህ ከሞጣ ወደ ዓባይ መውረድ ያስፈልጋል። ወንዙ በጠባብ የድንጋይ ገደል መካከል በሚያልፍበት ስፍራ፥ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ፥ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደ ተሠራ የሚነገርለት የድንጋይ ድልድይ አለ፤ በጣልያን ወረራ ዘመን ከቅስቶቹ አንዱ ስለ ፈረሰ ሰባራ ድልድይ ተብሎ ቀረ። ለብዙ ዘመን መንገደኛ በገመድ ታስሮ፥ በወዲህና በወዲያ የቆሙ ሰዎች እየጐተቱት በክፍተቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር። ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመጽሔት ላይ የተመለከተው ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ ከረዳቶቹና ከአገሩ ሰዎች ጋር ሆኖ በ2002 ክፍተቱን በብረት ጠገነው፤ በ2005 ግን የዓባይ ሙላት መጥቶ ጥገናውን ወሰደው፤ በ2009 ውኃው መካከል እግር ሳይተክል ከዳር እስከ ዳር በብረት ገመድ የተንጠለጠለ ድልድይ ተሠራለት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ውኃው ምን በደለ? ያ ሁሉ ወንዝ በጠባቡ ገደል ሲገባ፥ ስፋት ያጣው ውኃ በፍጥነትና በከፍታ መካሱ የግድ ነው፤ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን በፊቱ የቆመውን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ አንከባሎ ሊወስደው የሚችለው ድንጋይ ክብደት ግን በታወቀው ስሌት እስከ 64 እጥፍ ይደርሳል። ሙላቱ የተቈጣ ሳይሆን የታዘዘ ነበር። ጌታችንም በወንጌል፥ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፥ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም፤ ሰሚዎቹን ግን ወደ ንስሓ ጠራቸው። ከዚህ የምንማረው፥ በወደቀው ግንብ ምክንያት የሟቹን ኃጢአት መቍጠር እንደማይገባ፥ በሕይወት የቀረነው ግን ከመጠየቅ እንደማናመልጥ ነው። ሽማግሌው «ቁጣ ነው» ብለው ነገሩን ሲዘጉ፥ ተማሪውም «ፍጥነት ነው» ብሎ ሲዘጋው፥ ሁለቱም ሳያውቁ አንድ ነገር ያደርጋሉ፤ ሰውን ከፍርድ ያስመልጣሉ። አንዱ በሰማይ፥ ሌላው በቀመር ላይ ያላክካል።

የሔኖክ ወቀሳ ትርጕሙ እዚህ ላይ ይገለጣል። ውኃ ከሕጉ ስለማይወጣ አይመሰገንም፥ አይወቀስምም፤ ፈቃድ የለውምና። ነባቢት ነፍስ፥ ሕገ ልቡናና ነጻ ፈቃድ የተሰጠው ሰው ግን ሕጉን አውቆ ሊጠብቀውም ሊያፈርሰውም ይችላል። ስለዚህ የውኃ ሕግ ይበልጥ በታወቀ ቍጥር የእግዚአብሔር ስፍራ አይጠብም፤ የሰው ሰበብ ግን ይጠባል። ፍጥነትን ማስላት ባልታወቀበት ዘመን ድልድይ በሙላት ቢወሰድ ሐዘን ነው፤ ማስላት እየቻለ ያላሰላ፥ ወይም አስልቶ ሲሚንቶውን የሰረቀ ሰው በሠራው ድልድይ ላይ ሰው ቢሞት ግን ነፍስ መግደል ነው። ውኃው በሁለቱም ጊዜ አንድ ሥራ ሠራ፤ የተለወጠው የሰው ዕውቀት ነው፤ ከዕውቀቱም ጋር በደሉ።

ነገሩ በመሐንዲስ ብቻ አያቆምም። በጮቄ ተዳፋት ላይ ዛፉ ተቈርጦ፥ ሣሩ ተገልብጦ፥ ማሳው ወደ ገደሉ አፍ ሲጠጋ፥ ዝናቡ የሚያግተው አጥቶ በፍጥነት ይወርዳል፤ በፍጥነቱም መጠን አፈሩን ይዞ ይሄዳል፤ የዓባይ ቀለም በክረምት የሚጠቍረው በደጋው ገበሬ እርሻ ነው። በዚያው አገር ግን የቤተ ክርስቲያን ቅጽር ደን ባለበት ስፍራ ያው ዝናብ በቅጠልና በሥር ተገትቶ ወደ ምድር ይሰርጋል። ቅጽሩን ያከበሩ አባቶች የቪስኮሲቲ ቀመር አልተማሩም፤ ነገር ግን በሥራቸው ከሕጉ ጋር ተስማምተዋል፤ ቀመሩን የተማርነው እኛ ደግሞ በቃላችን አውቀን በሥራችን እንቃወመዋለን። የደብሩ አስተዳዳሪ፥ የቀበሌው ሹም፥ ገበሬውና መሐንዲሱ በአንድነት የሚጠየቁበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። የፈሳሽ ሕግ መግቦትን አይሽርም፤ መግቦትም ስሌትን አያስቀርም፤ ሁለቱም በአንድነት ሸክሙን አንሥተው በሚያውቀው ሰው ትከሻ ላይ ያኖሩታል። አንተ ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነሥተህ ይህን ትምህርት የጀመርህ ወጣት፥ ደብተርህን ስትከፍት ከጸሎትህ የወጣህ አይምሰልህ፤ የምትሠራው ቦይ፥ ቱቦና ድልድይ ባየኸው ሙላት ልክ ሳይሆን ሊመጣ በሚችለው ሙላት ልክ ይሁን፤ ቍጥሩን ማንም ቢለምንህ፥ ማንም ቢያስፈራራህ አትቀንስ። እናንተም በዐውደ ምሕረት የምታስተምሩ አባቶች፥ ወንዝ ሰው በወሰደ ጊዜ ሕዝቡን ስለ ሟቹ ነፍስ አጽናኑት፤ ድልድዩን ስላልሠራው፥ ዛፉንም ስለ ቈረጠው ሰው ግን ዝም አትበሉ።